ሚቴን ከማብላያ እስከ ሲሊንደር፦ በቤቴል ከፍታ ላይ የተሠራ ስሌት

ከቤቴል ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ቀለበት መንገዱ የወጣ ሰው፣ ጥቂት እንደተጓዘ ዓይኑ ሳያየው አፍንጫው የሚያውቀው ሥፍራ ይገጥመዋል። ሕዝቡ ቆሼ ይለዋል፤ በመዝገብ የሚታወቀው በረጲ ስም ነው። የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመርበት ኖሯል። ከክምሩ ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚወጣው ጋዝ በአብዛኛው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አፍንጫን የሚመታው ሽታ ግን የእነዚህ አይደለም፤ ሁለቱም ሽታ የላቸውም፤ አብረዋቸው የሚወጡት በጣም ጥቂት የሆኑ ሌሎች ጋዞች ናቸው የሚሸቱት። ከዚህ ሥፍራ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሶማሌ ክልል ካሉብ በተባለው ቦታ ከምድር በታች የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝም በአብዛኛው ያው ሚቴን ነው።

ባዮጋዝና የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ በጋዜጣም፣ በራዲዮም፣ በጉባኤም «ንጹሕ አማራጭ ነዳጆች» ተብለው አንድ ላይ ሲጠሩ እንሰማለን። አባባሉ ስሕተት ነው ማለት አንችልም፤ ነገር ግን ያልተሟላ ነው። ሚቴን ንጹሕ የሚሆነው ሲነድ ነው። ሳይነድ ከአመለጠ ከናፍጣ ጭስ የባሰ የሙቀት አማቂ ጋዝ ይሆናል። በመሆኑም የነዳጁ ንጽሕና የሚለካው በምድጃው ወይም በሞተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከምንጩ እስከ እሳቱ ባለው መንገድ ሁሉ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን በቁጥር ለማሳየት እንሞክራለን። ስሌቶቹ ከመደመርና ከማባዛት እምብዛም አያልፉም፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚከተለን አንባቢ ራሱ ሊያጣራቸው ይችላል።

አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት ልደት

እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ፣ በኋላ በኤሌክትሪክ ባትሪ ስሙ የገነነው ማለት ነው፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ከጭቃው የሚወጡትን አረፋዎች ሰብስቦ ጋዙ የሚነድ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ሚቴን የምንለው ይኸው ጋዝ ነው። አንድ የካርቦን አቶም በአራት የሃይድሮጅን አቶሞች ተከብቦ የሚገኝበት፣ ከሃይድሮካርቦኖች ሁሉ የመጨረሻው ትንሹ ሞለኪውል ነው።

ይህ ሞለኪውል በብዙ መንገድ ይወለዳል፤ ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው መንገድ ፈጣን ነው። እበት፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ ወይም የሰው ዓይነ ምድር ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከውኃ ጋር ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳን ተራ በተራ ይሠሩበታል። የመጀመሪያዎቹ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች ይቆራርጣሉ፤ ተከታዮቹ ቁርጥራጩን ወደ አሲድነት ይለውጣሉ፤ በመጨረሻ ተራ የሚገቡት፣ አርኬያ የሚባሉትና ከባክቴሪያ የተለየ ወገን የሆኑት፣ ከአሲዱና ከሃይድሮጅኑ ሚቴን ይሠራሉ። ከዚህ የሚገኘው ባዮጋዝ ከ55 እስከ 70 ከመቶ ሚቴን ነው። ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ጥቂት የውኃ ተንና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አለበት። ሁለተኛው መንገድ ሚሊዮን ዓመታትን የፈጀ ነው፤ በደለል ሥር የተቀበሩ የጥንት ሕይወት ቅሪቶች በግፊትና በሙቀት ተለውጠው የተፈጥሮ ጋዝ ሆኑ።

በሁለቱ መካከል በኬሚስትሪ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የካርቦኑ ዕድሜ ነው። የባዮጋዙ ካርቦን ላሟ የበላችው ሣር ዓምናና ካቻምና ከአየር የወሰደው ስለሆነ፣ ሲነድ ወደ መጣበት ይመለሳል። የካሉቡ ካርቦን ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ከአየር ተለይቶ የቆየ ነው።

ሲነድስ? አንድ የሚቴን ሞለኪውል ከሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ተዋሕዶ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት ውኃ ይሰጣል። ጥላሸት የሚፈጠረው በቃጠሎ ጊዜ የካርቦን አቶሞች እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ነው። በናፍጣ፣ በከሰልና በእንጨት ውስጥ ካርቦኖቹ ቀድመው የተያያዙ ስለሆኑ ጥላሸት ለመሆን ግማሽ መንገድ ሄደዋል ማለት ይቻላል። በሚቴን ውስጥ ግን ካርቦኑ ብቻውን ነው። በቂ አየር ያገኘ የሚቴን ነበልባል ሰማያዊ የሚሆነውና ድስቱን የማያጠቁረውም ከዚህ የተነሣ ነው። በጭስ በተሞላ ማዕድ ቤት ውስጥ ዓይንዋ ሲያለቅስና ደረትዋ ሲታመም ለኖረች እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቤቴል ሜትር ኩብ

ስለ ባዮጋዝ የተጻፉ መመሪያዎች «አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ይህን ያህል ኃይል ይሰጣል» ይላሉ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ሚቴን፣ በባሕር ወለል ግፊትና በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ይይዛል። 60 ከመቶው ሚቴን የሆነ ባዮጋዝ እንግዲህ 21.5 ሜጋ ጁል ገደማ ይኖረዋል ማለት ነው።

ቤቴል ግን በባሕር ወለል ላይ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ማብላያ የሚጠራቀመው ጋዝ ግፊቱ ከአካባቢው አየር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ በመሆኑ፣ እሱም በዚያው መጠን የሳሳ ነው። መጠነ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ብንወስድ፣ ከጋዞች ሕግ ተነሥተን 0.76 በ273/293 ስናበዛ 0.71 ገደማ እናገኛለን። 21.5 ሜጋ ጁሉ ወደ 15 ወረደ። በመጽሐፉ ሜትር ኩብና በቤቴሉ ሜትር ኩብ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ አራተኛ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ከፍታው ከእበቱ የሚገኘውን ኃይል አይቀንስም። ሕዋሳኑ የሚሠሩት የተወሰነ መጠነ ቁስ ያለው ሚቴን ነው፤ ይህ ሚቴን በደጋ ሲሆን ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ በቆላ ሲሆን ጠባብ። የሚሳሳተው በይዘት የሚቆጥር ሰው ነው። የጋዝ ማጠራቀሚያው ለባሕር ዳርቻ አገር በተሠራ ሠንጠረዥ ከተለካ ይጠብባል፤ ትርፉም በመውጫው በኩል ወደ አየር ይሄዳል።

ቅዝቃዜው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሕዋሳን በጣም የሚስማማቸው 35 ዲግሪ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ መጠነ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከመሬት በታች የተቀበረ ማብላያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሕይወት ኬሚስትሪ በየ10 ዲግሪው ቅናሽ በግምት በግማሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ በቆላ አንድ ወር የሚፈጀው መብላላት በደጋ ሦስትና አራት ወር ሊፈልግ ነው። ማብላያውን ማስፋት ወይም ያነሰ ጋዝ መቀበል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ «ጋዙ ደከመብን» የሚሉ ባለቤቶች የሚናገሩት የተፈጥሮ ሕግ ነው።

አራት ላሞችና አንድ ምጣድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1957 በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት እንደተሠራ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለአምስት አሥርት ዓመታት ሥራው በየቦታው ብቅ እያለ ሲጠፋ ቆየ። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች 14000 ማብላያዎችን ለመሥራት አቅዶ ነበር፤ የተሠሩት ወደ 8000 የሚጠጉ ናቸው። ንድፉ ከኔፓል የመጣ ሲሆን ከአገራችን ሁኔታ ጋር ተስማምቶ «ስንዱ» የሚል ስም ተሰጠው። በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ከመሬት በታች የሚቀበር፣ አናቱ እንደ ጉልላት የሆነ ማብላያ ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህም በተከታታይ ምዕራፎች ቀጥሏል። ይሁን እንጂ ከተሠሩት መካከል ቀላል የማይባሉት ሥራ አቁመው መገኘታቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል። ለዚህ የሚጠቀሱት ምክንያቶች የውኃ እጥረት፣ የእበት ማነስ፣ የምድጃና የቧንቧ መለዋወጫ አለመገኘት ናቸው። እኛ ደግሞ አንድ እንጨምራለን፤ እንጀራ።

በከተማዋ ዳር አራት ላሞች በግቢው ያሉትን ቤተሰብ እንውሰድ። በበረት የምትውል ላም በቀን 10 ኪሎ ግራም ገደማ እበት ትሰጣለች እንበል፤ ባጠቃላይ 40 ኪሎ ግራም። አንድ ኪሎ ግራም ትኩስ እበት በሚስማማው ሙቀት 40 ሊትር ገደማ ባዮጋዝ ይሰጣል። ይህ 1.6 ሜትር ኩብ፣ በመጽሐፉ ልኬት 34 ሜጋ ጁል ይሆናል። ለቅዝቃዜው ቀናንሰን 20 ሜጋ ጁል እንያዝ። የባዮጋዝ ምድጃ የጋዙን ኃይል ግማሽ ያህል ወደ ድስቱ ያደርሳል ብንል፣ በቀን 10 ሜጋ ጁል ጠቃሚ ሙቀት ተገኘ ማለት ነው።

10 ሜጋ ጁል ምን ያደርጋል? በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ16 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 0.32 ሜጋ ጁል ይበቃል። ስለዚህ ጋዙ በየቀኑ 30 ሊትር ውኃ ያፈላል። ለቡናው፣ ለሻዩ፣ ለወጡና ለልጆቹ ገላ መታጠቢያ ይበቃል፤ ጥሩ ነው። ያንኑ ሥራ በሦስት ጉልቻ ላይ ብንሠራው፣ ጉልቻው ከእንጨቱ ኃይል አንድ ስምንተኛውን ብቻ ለድስቱ ስለሚሰጥ፣ በየቀኑ 5 ኪሎ ግራም ገደማ እንጨት ይፈጅብን ነበር። ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ለሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ይህ ቁጥር የሚነግራቸው ነገር አለ።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 13.5 ሜጋ ጁል ገደማ ይፈጃል። ያንኑ ሙቀት ለሸክላው በጋዝ ነበልባል ለመስጠት፣ ግማሹ ወደ ጎን እንደሚባክን ካሰብን፣ 27 ሜጋ ጁል ያስፈልጋል፤ በቤቴል ልኬት 1.8 ሜትር ኩብ ጋዝ ማለት ነው። ይህ ከአራቱ ላሞች የአንድ ቀን ምርት ይበልጣል። ከዚህም በላይ አንድ ተራ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት የሚያነደው 0.4 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ምጣዱ የአራት ምድጃዎችን ነበልባል በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ነበልባሉም መሐሉን አሳርሮ ዳሩን ጥሬ እንዳያስቀር በሰፊው ሸክላ ሥር እኩል መሰራጨት አለበት። በቤተሰብ ደረጃ ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ኃይል ከግማሽ በላዩን የሚወስደው እንጀራ መጋገር መሆኑ የታወቀ ነው። ለሻይና ለወጥ ብቻ የሚበቃ ምድጃ ሰጥቶ «ከማገዶ ተላቀቃችሁ» ማለት እንግዲህ ሒሳቡን አለማወቅ ነው። ለባዮጋዝ ምጣድ የሚደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ እኛ ግን በየሁለትና ሦስት ቀን የሚጋገርበት የከተማ ቤት ውስጥ ምጣዱን ለኤሌክትሪክ፣ ድስቱን ለባዮጋዝ ማካፈል የተሻለ ነው ባዮች ነን።

ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ የዚህ ሁሉ ሌላው ትርፍ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በማብላያው ሲያልፍ ግን በዝቃጩ ውስጥ ቀርቶ ለጓሮው ይተርፋል።

ቆሼ፦ ምን ይቃጠል፣ ምን ይብላላ?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል በክምሩ ሥር በተሠሩ ጎጆዎች የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሠፋፈር ፕሮግራም ድጋፍ «የፉኩኦካ ዘዴ» የተባለ አሠራር በሥፍራው ተሞክሯል። ዘዴው በክምሩ ውስጥ ቧንቧ በመዘርጋት ፍሳሹ እንዲወጣ፣ አየርም እንዲገባ ያደርጋል። አየር ሲገባ ያለ ኦክስጅን የሚሠሩት ሕዋሳን ይዳከማሉ፤ የሚወጣው ሚቴንም ይቀንሳል።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሥፍራ በቀን 1400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደው የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ማቃጠል ጋዙ ከመፈጠሩ በፊት ምንጩን ማጥፋት ነው። ይሁን እንጂ የከተማችን ቆሻሻ የአውሮፓ ቆሻሻ አይደለም። ካርቶኑ፣ ጠርሙሱና ብረቱ ገና በመንገድ ሳለ በ«ቁራሌው» እጅ ይገባል፤ ወደ ክምሩ የሚደርሰው በአብዛኛው ልጣጭ፣ ትርፍራፊና አመድ ነው፤ እርጥብ ነው።

እርጥበት በእሳት ላይ የሚያደርገውን እንቁጠር። ከመቶው 75 እጅ ውኃ የሆነ አንድ ኪሎ ግራም የአትክልት ልጣጭ እንውሰድ። ደረቁ ክፍል ሩብ ኪሎ ግራም ነው፤ በኪሎ ግራም 18 ሜጋ ጁል ቢሰጥ 4.5 ሜጋ ጁል ይሆናል። ነገር ግን ሦስት አራተኛ ኪሎ ግራም ውኃ መትነን አለበት፤ ይህም 1.8 ሜጋ ጁል ይበላል። የሚተርፈው 2.7 ነው። እሳት ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ራሱን ችሎ እንዲነድ በኪሎ ግራም ቢያንስ 6 ሜጋ ጁል ገደማ እንደሚያስፈልግ የዘርፉ መመሪያዎች ይገልጻሉ። ልጣጩ ብቻውን ከቀረበ አይነድም፤ ከደረቁ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የደረቁን ሙቀት ይበላል።

ያው ልጣጭ በማብላያ ቢገባ በቶን 100 ሜትር ኩብ ገደማ ባዮጋዝ ይሰጣል፤ በኪሎ ግራም ወደ 2.1 ሜጋ ጁል ነው። በቁጥር ሲታይ ከ2.7 ያንሳል። ለሕዋሳኑ ግን ውኃው ዕዳ ሳይሆን መኖሪያ ነው፤ የሚገኘውም በምድጃም በሞተርም ሊነድ የሚችል ጋዝ ነው። ስለዚህ ደረቁ ይቃጠል፣ እርጥቡ ይብላላ እንላለን። የመርካቶ አትክልት ተራን፣ የሆቴሎችንና የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶችን እርጥብ ቆሻሻ ከምንጩ መለየት ከተቻለ፣ ቆሼ ሳይደርስ ጋዝ ሊሆን ይችላል። በሩዋንዳ ከእስር ቤቶች የሚወጣው የሰው ዓይነ ምድር ለእስረኞቹ ምግብ ማብሰያ ጋዝ እየሰጠ፣ የእንጨት ፍጆታውን በእጅጉ እንደቀነሰ ካየን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል።

ስለ ምን በቡታ ጋዝ ሲሊንደር አይሞላም?

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ያነሡታል። «ባዮጋዙን እንደ ቡታ ጋዝ በሲሊንደር ሞልተን ብንሸጥስ?» ይላሉ። መልሱ በቴርሞዳይናሚክስ ውስጥ ነው።

ቡቴንና ፕሮፔን በተራ መጠነ ሙቀት ጥቂት ከተጫኑ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣሉ። ሚቴን ግን ከ−82.6 ዲግሪ በላይ ሳለ የቱንም ያህል ብንጫነው ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ 26 ሊትር በሚይዝ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ባዮጋዝ በ8 ባር ብንሞላ፣ የምናገኘው 4 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ሲሊንደር የሚገባው 12.5 ኪሎ ግራም ቡታ ጋዝ 575 ሜጋ ጁል ይይዛል። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ግፊቱን እንጨምር የሚል ቢኖር፣ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ለዚያ አልተሠራም፤ ይፈነዳል። በባዮጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ከእርጥበት ጋር ተደርበው ብረቱን ይበሉታል።

የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የሚባለው ሚቴን ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ወፍራም ሲሊንደር ውስጥ እስከ 200 ባር ድረስ ተጨምቆ ሲገባ ነው። በዚህ ግፊት እፍግታው በሊትር 0.16 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በሊትር 8 ሜጋ ጁል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ይዟል። ስለሆነም ያንኑ ኃይል ለመያዝ አራት እጥፍ ተኩል የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። 60 ሊትር የሚይዝ የብረት ሲሊንደር፣ ራሱ 60 ኪሎ ግራም ገደማ እየመዘነ፣ የሚሸከመው የ13 ሊትር ናፍጣ አቻ ነው። ለከተማ አውቶቡስ፣ ማታ ወደ ዴፖው ለሚመለሰው፣ ይህ ችግር አይሆንም። ሚቴኑን ወደ −162 ዲግሪ በማቀዝቀዝ ፈሳሽ ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ይዘቱ በ600 እጅ ይቀንስና በሊትር ወደ 21 ሜጋ ጁል ይደርሳል። ለማቀዝቀዝ ግን ከጋዙ ኃይል አሥር እጅ ያህሉ ይሄዳል።

የዴልሂ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ በታመቀ ጋዝ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ከብዙ ክርክርና ከነዳጅ ማደያ ሰልፍ በኋላ ለውጡ በ2002 ማብቂያ ተጠናቀቀ። ከአውቶቡሶቹ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ጠፋ። የዴልሂ አየር ግን ዛሬም በክረምቷ ወራት ከዓለም መጥፎዎቹ አንዱ ነው፤ አቧራው፣ የገለባው ቃጠሎና የተሽከርካሪው ብዛት አልቀነሱም። በስዊድኗ ሊንሾፒንግ ከተማ ደግሞ አውቶቡሶች የሚነዱት ከቆሻሻና ከእርድ ተረፈ ምርት በተገኘ ባዮጋዝ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ ይወጣለታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ ከሚቴን በብዙ እጥፍ ስለሚሟሟ፣ ጋዙን በግፊት በውኃ ማጠብ ይበቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥታትና ብዙ ኩባንያዎች ተፈራርቀውበታል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቆ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንደሚያመርት ተገለጸ። በእኛ ስሌት ይህ የ65 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ አቻ ነው። ይህ ጋዝ የት ይዋል? ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ኤሌክትሪካችንም ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ለትንሿ መኪናና ለከተማ አውቶቡስ ኤሌክትሪክ ይሻላል፤ ጋዙ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለሱት ከባድ ተሽከርካሪዎችና ለማዳበሪያ ሥራ ቢውል እንመርጣለን። ባትሪ ገና ያልደረሰበት ሥፍራ ያ ነውና።

የሚያፈተልከው ጋዝ

አሁን ወደ ዋናው ስሌት ደረስን። አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን ሲነድ 2.75 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 50 ሜጋ ጁል ይሰጣል፤ በአንድ ሜጋ ጁል 55 ግራም። ናፍጣ በአንድ ሜጋ ጁል 74 ግራም ያወጣል። የሚቴን ብልጫ እንግዲህ 19 ግራም፣ ከመቶው 25 ገደማ ነው።

አንድ ሜጋ ጁል የሚሰጠው ሚቴን 20 ግራም ይመዝናል። በአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል የ2021 እ.ኤ.አ. ዘገባ መሠረት፣ ሳይነድ ያመለጠ ሚቴን በሃያ ዓመት ዘመን ሲለካ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 82 እጥፍ ያህል፣ በመቶ ዓመት ሲለካ 30 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። 19ን ለ20 በ82 ብዜት ስናካፍል 0.012 ይመጣል። ይኸውም ከጉድጓዱ እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ከጋዙ ከመቶ 1.2 እጅ ካፈተለከ፣ በሃያ ዓመት ልኬት ከናፍጣ የነበረው ብልጫ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። በመቶ ዓመት ልኬት ወሰኑ 3 ከመቶ ገደማ ነው። የጋዝ ሞተር ብቃቱ ከናፍጣ ሞተር ሲያንስ ደግሞ ወሰኑ ከዚህም ይጠብባል። ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ለሚጓዝ፣ በመንገድ ላይም ቀስ እያለ ለሚተን ፈሳሽ፣ ከመቶ አንድ እጅ ብዙ አይደለም። ጭሱ ግን በየትኛውም ልኬት ይቀንሳል፤ ለሳንባ የሚሰጠው ጥቅም በዚህ ስሌት አይነካም።

ለባዮጋዝ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። የቆሼ ሚቴን እኛ ብንፈልግም ባንፈልግም ይወጣል፤ ስለዚህ ሰብስቦ ማንደድ፣ ምንም ሥራ ሳያሠሩት እንኳ፣ ትርፍ ነው። በሜዳ ላይ የተበተነ እበት ግን አየር ስለሚያገኝ የሚሰጠው ሚቴን ጥቂት ነው። ያንኑ እበት በማብላያ ስናስገባ አስቀድሞ ያልነበረ ሚቴን እንፈጥራለን። አራቱ ላሞች በቀን የሚሰጡት 20 ሜጋ ጁል 400 ግራም ሚቴን ነው። ከዚህ አንድ አሥረኛው በተሰነጠቀ ጉልላት ቢወጣ፣ በሃያ ዓመት ልኬት በየቀኑ 3.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመልቀቅ ጋር እኩል ይሆናል። 5 ኪሎ ግራም እንጨት ማዳኑን ስናስብ ሚዛኑ አሁንም ወደ ባዮጋዙ ያደላል። ምድጃው ተሰብሮ፣ ጋዙ ሳይነድ፣ እበቱ ግን መግባቱን ከቀጠለ ሚዛኑ ይገለበጣል። መለዋወጫ የሌለው ማብላያ ከመጀመሪያው ባይሠራ ይሻል ነበር የምንለው ለዚህ ነው።

ማፈትለክን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሳሙና በውኃ በጥብጦ በየቧንቧው መጋጠሚያና በቫልቩ ዙሪያ መቀባት ነው፤ አረፋ ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን ሞት ነው፤ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 ከመቶ የተደባለቀ ሚቴን ይፈነዳልና። ስለ ቦታውም የሚታወስ ነገር አለ። ንጹሕ ሚቴን ከአየር በግማሽ ያህል ስለሚቀል ወደ ጣራ ይወጣል፤ መስኮቱ ከላይ ይከፈት። ቡታ ጋዝ ከአየር ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በሩ ከታች ይከፈት። ባዮጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለያዘ ክብደቱ ከአየር ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ ላዩም ታቹም መከፈት አለበት። ማብላያው ሊጠረግ ሲከፈት ደግሞ፣ ለቀናት ሳይናፈስና ሌላ ሰው ከላይ ገመዱን ሳይዝ ማንም አይግባ፤ በውስጡ ኦክስጅን የለም፣ በብዛት የተጠራቀመ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ አፍንጫ አያስጠነቅቅም።